የሦስተኛው ጋጥ ዋጋ

ውድ ላቮን፣

ይህን ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ ተቀመጪ። በቀዶ ጥገና የገባልሽ አዲሱ ዳሌሽ ገና ከአንቺ ጋር አልተላመደም ብላኛለች ልጅሽ። ስልክ ደውዬ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን እኔ አንዷን ነገር ተናግሬ ሳልጨርስ አንቺ መልሱንም ስድቡንም ጨርሰሽ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት ላይ ግን ምን ታመጫለሽ? ከተዋወቅን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታቋርጪኝ ልናገር ነው።

የፈረስ ተሳቢያችንን አልሸጥኩትም።

በጥር ወር በስልክ ያልሽኝን ረስቼው አይደለም። «ኔልዳ፣ ሽጪውና ግማሹን ላኪልኝ። እኔ ከእንግዲህ እዚያ አልጋ ላይ አልወጣም» ነበር ያልሽኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ፒካፕ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ፈረሶቻችንን ከኋላ እየጎተትን ለፈረስ ውድድር ከሮዲዮ ሮዲዮ ስንዞር ተናደሽ ሰምቼሻለሁ፤ ሰክረሽ ሰምቼሻለሁ፤ ጥርስሽን አሞሽ ቅዱሳንን አንድ በአንድ ስታስቀይሚ ሰምቼሻለሁ። ተስፋ ቆርጠሽ ግን ሰምቼሽ አላውቅም ነበር። ክው አልኩ። ከመደንገጤ የተነሳ «እሺ» አልኩሽ። አንቺን እሺ ማለት መቼም ልማዴ አይደለም፤ በዚህ እንኳ አንድ ነገር እንደሆንኩ ሊገባሽ ይገባ ነበር።

ቃሌን ለመጠበቅ ሞክሬአለሁ፤ ይህንንም እወቂልኝ። በየካቲት አጣጥቤ፣ ጎማውን አስነፍቼ ጨረታ ቦታ አቆምኩት። ጨረታው ከመጀመሩ በፊት አንድ ወጣት ባልና ሚስት መጥተው አዩት። ልጅቱ የመኖሪያ ክፍሉን በር ከፍታ አንገቷን አስገባችና «ውይ፣ ሽታው!» ብላ አፍንጫዋን ያዘች። ያንን ሽታ እኮ የሠራነው እኔና አንቺ ነን። የረጠበ የኮርቻ ግላስ ነው፤ በየማለዳው የጠበስነው የአሳማ ሥጋ ነው፤ አንቺ ጉልበትሽን የምታሺበት ለፈረስ የተሠራ ቅባት ነው። ባልየው ደግሞ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳና ውስጡን ገነጣጥለው ጥለው፣ ሜዳ ላይ አቁመው ዶሮ እንደሚያረቡበት ነገራት። ዶሮ! አንቺ ሃያ ሁለት ዓመት የተኛሽበት ቦታ ላይ አንዲት ነጭ ዶሮ ቁጢጥ ብላ ታየችኝ። እዚያው ከጨረታው አሰርዤ፣ ጎትቼው ወደ ቤት ዞርኩ። ሰውየው ከጎኔ እየሮጠ ዋጋ ይጨምርልኝ ነበር፤ መስኮቱን ዘጋሁበት።

በማግስቱ አንቺን ዴንቨር ወስዳ ላስቀመጠችው ለክሪስታ ደወልኩላት። ልጅሽን ታውቂያታለሽ፤ ልቧ ወርቅ ነው፣ አፏ ግን እንደ አንቺው ነው። «እናቴ ሰባ አልፏታል፣ ለአንቺም ቢሆን የቀረሽ ጥቂት ነው፣ ሁለታችሁም አደብ ግዙ» አለችኝ። «ሕንፃው ሊፍት አለው፣ ሐኪሙ ቅርብ ነው፣ ምን ጎደላት?» አለችኝ። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። ደህና ሁኚ ብዬ ልዘጋ ስል ድምፅዋ ወረደ።

«ኔልዳ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ነገረችኝ እንዳትያት» አለችኝ። «ጠዋት ተነስታ ቴሌቪዥኑን ከፍታ የአየር ሁኔታ ታያለች። የዴንቨርን አይደለም፤ የኔብራስካን ነው። ዛሬ እነ ኔልዳ ጋ በረዶ ይጥላል፣ ፈረሶቹን አስገብታ ይሆን ትላለች። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ምንም አትልም።»

አንጀቴን በላችው። ነግሬብሻለሁ፤ አሁን ከልጅሽ ጋር ተጣሊ እንግዲህ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተሳቢው ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ። የገዛነው ዕለት ትዝ ይልሻል? ያንን ዓመት በርዌል ከተማ በተደረገው ውድድር አንደኛና ሦስተኛ ወጥተን ልባችን አብጦ ነበር። የሽልማቱን ገንዘብ ሳንነካው አዋጣን፤ የጎደለውን ዳሬል ጥጆች ሸጦ ሞላልን። ነፍሱን ይማረውና ባሌ እንደዚያ ነበር፤ መጀመሪያ ይሰጣል፣ ከዚያ ይሳደባል። ተሳቢውን ሁለት ጊዜ ዞሮ ካየው በኋላ፣ «ከሁለታችሁም ይሻላል፤ ቢያንስ ዝም ይላል» አለን። ከኋላ ሦስት ፈረስ የሚያስገቡ ሦስት ጋጦች፣ ከፊት ለእኛ የምትሆን እንደ ቁምሳጥን የጠበበች ክፍል። አንድ አልጋ ከፒካፑ ጀርባ በላይ ተንጠልጥሎ፣ አንዱ ደግሞ ማታ ማታ ጠረጴዛው ታጥፎ የሚሠራ። የላዩን በካርታ ጨዋታ በልተሽ ወሰድሽው። አጭበርብረሽ ነው አሁንም እላለሁ።

የሚያየን ሁሉ እብዶች ይለን ነበር። የእኛ ውድድር ሜዳ ላይ የቆሙ ሦስት በርሜሎችን በፈረስ ዞሮ መውጣት ነው፤ የሚፈጀውም አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ሰከንድ ነው። ለእሷ ብለን ሰባት ስምንት ሰዓት እንነዳለን። በርሜል ሲወድቅብን ደግሞ ተሸንፈን፣ ነዳጅ ቀድተን፣ ሌላ ሰባት ሰዓት። ዳሬል አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ አስቦት፣ በሰከንድ ስንት እንደምናወጣ ሊነግረን ሲል ዳቦ ወረወርሽበት።

ሕጋችን አንድ ነበር፤ ያወጣሽውም አንቺ ነሽ። ፈረስ ይቅደም። ስንደርስ መጀመሪያ እነሱ ይወርዳሉ፣ ውሃቸውን ይጠጣሉ፣ ድርቆሻቸውን ይበላሉ፣ እግራቸው ይዳሰሳል፤ የእኛ ሆድ ከዚያ በኋላ ነው። ቻድሮን ከተማ እንቁላል የሚያህል በረዶ የወረደ ጊዜ፣ ፈረሶቹ ተሳቢው ውስጥ ሳይረጥቡ ቆመው፣ እኔና አንቺ የክፍላችን ቁልፍ ጠፍቶን ባልዲ ጭንቅላታችን ላይ ደፍተን ጎማ ሥር ተኮራምተን የነበረው ትዝ ይልሻል? «ቦታ ቢኖር እኮ እኛም እንገባ ነበር» ስልሽ፣ «ቲኬት አልቆረጥሽም» አልሽኝ። እዚያ በረዶ ሥር ሆኜ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። እንደዚያ መሳቅ ናፍቆኛል፣ ላቮን። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ጥርሴን ያሳየሁት ለጥርስ ሐኪሙ ብቻ ነው።

እንግዲህ ተሳቢውን ላድሰው ቆረጥኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ አንቺ መሰላል ሳትወጪ የምትተኚበት አልጋ ማስገባት። ክሪስታ ሐኪሙን ጠይቃ ነገረችኝ። አልጋው ከጉልበት ከፍታ መውረድ የለበትም፤ አጠገቡ በምርኩዝ ዞር የሚባልበት ቦታ ይኑር፤ ሻወሩ ውስጥ የእጅ መያዣ ይገጠም። ይህቺው ናት። ይህቺን ይዤ ከትልቁ መንገድ ዳር ወዳለው፣ የተሳቢ መኖሪያ ክፍል ወደሚሠራው ድርጅት ሄድኩ። አንድ ጠጉሩን በቅባት ያስተኛ ልጅ እመቤቴ እያለ ተቀበለኝ። የቆዳ ሶፋ አሳየኝ፣ የድንጋይ ጠረጴዛ አሳየኝ፣ ጭራሽ የውሸት እሳት የሚነድበት የኤሌክትሪክ ምድጃ አሳየኝ። ልጄ፣ እኛ ተሳቢ ውስጥ እሳት ስናይ የምናደርገው መሮጥ ነው አልኩት። አልሳቀም። በመጨረሻ ደማምሮ ሠላሳ ስምንት ሺህ ዶላር አለኝ። ተሳቢው ራሱ ከነጎማው ቢሸጥ አሥራ ስምንት ሺህ አያወጣም። «እመቤቴ፣ አዲስ መግዛት ነው የሚያዋጣዎት» አለኝ። እድሳቱ እንደማያዋጣ እኔም አውቅ ነበር፤ የሚያዋጣ ነገር ሠርቼማ መቼ አውቃለሁ።

ወደ ኤልደን ሄድኩ። ታውቂዋለሽ፤ ቤተ ክርስቲያን ከዳሬል ጎን የሚቀመጠው፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ወጥ ቤት ቁምሳጥን ሲሠራ የኖረው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራ ፈትቶ ሚስቱን ሲያማርር ነው የሚውለው፤ ስለዚህ እሷ ከእኔ በላይ ደስ አላት። ውስጡን ነቃቅለን አወጣነው። ሻወሩ ሥር ያለው ወለል በስብሶ ኖሮ በጣቴ ብነካው እንደ ራሰ ዳቦ ሰመጠ። በእሱ ላይ ቆመን እኮ ነበር ስንታጠብ የኖርነው! አንድ ቀን ወለሉ ተቀዶ አንቺን መንገድ ላይ ጥዬሽ ልሄድ እችል ነበር። ለወለሉና ለብየዳው ብቻ ሦስት ሺህ ዶላር ወጣ።

ከዚያ ኤልደን በሙሉ ልቡ ገባበት። ሰውየው የሚያውቀው ቤት መሥራት ነው፤ ሁሉንም በኦክ፣ በዚያ ከባድ እንጨት አደረገው። ቁምሳጥኑ ኦክ፣ ግድግዳው ኦክ፣ የአልጋሽ ሣጥን ኦክ። ሲያምር! እጄን ሳሻሽበት እውል ነበር። ተሳቢ ስጎትት ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ አንዴ እንኳ «ኤልደን፣ ይህ ነገር አይከብድም?» አላልኩትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው።

ያለቀ ዕለት ኤልደን ላቡን ጠረገና ባርኔጣውን አዲሱ አልጋሽ ላይ አኖረው። ጮኽኩበት መሰለሽ። ባርኔጣ አልጋ ላይ! ሮዲዮ የሚያውቅ ሰው አልጋ ላይ የተቀመጠ ባርኔጣ መዓት እንደሚጠራ ያውቃል። እሱ ግን የሉተራን አናጢ ነው፤ በእንደዚህ ያለ ነገር አላምንም ብሎ ሳቀብኝ። እኔም አላምንም፤ ግን ባርኔጣውን አንስቼ ወደ ውጭ ወረወርኩት፣ ጭቃ ላይ አረፈ። ለማንኛውም መዓቱ አልዘገየም፤ በማግስቱ መጣ።

በማግስቱ ሦስቱን ፈረሶች ጫንኩ። ያንቺን ቢስኩትን፣ የእኔን ሽማግሌ ዲያቆንን፣ እና ታከርን። ፒካፑ ወገቡ የተቆረጠ መሰለ፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ አየ። በቀስታ እየነዳሁ እህል ወደሚመዘንበት ወደ ገበሬዎች ማኅበር ሚዛን ወሰድኩት። ሚዛን ቤት ያለው ሰውዬ ቁጥሩን አየና ጭንቅላቱን በመስኮት አወጣ።

«ኔልዳ፣ የጫንሽው ሦስት ፈረስ ነው አራት?»

«ሦስት።»

«እንግዲያው አራተኛውን በእንጨት ሠርታችሁታል» አለኝ።

ቤት ሠርተን፣ ቤቱ ከብዶ ፈረስ አላስጭን አለን። አንቺ ብትኖሪ ኖሮ ገና የመጀመሪያው ሳንቃ ሲገባ ትጮሂ ነበር። ይባስ ብሎ ወደ ቤት ስመለስ አልጋሽ ላይ ተጋደምኩና እግሬ ግድግዳ ነካ። እኔ! እንደ ጉቶ አጭሯ! አንቺ ብትተኚበት ጉልበትሽ ሻወሩ ውስጥ ያድር ነበር።

ኦኩ በሙሉ ወጣ። ኤልደን ሦስት ቀን አኮረፈ፤ በአራተኛው ቀን ሚስቱ ገፍታ ላከችው። እንጨቱን ለልጅ ልጁ ቤት ወሰደው፤ እኔ ያወጣሁበትን አራት ሺህ ዶላር ግን ውሃ በላው። በቦታው ስስ ኮምፔንሳቶ ገባ፣ እሱም ቀለም ሲቀባ ክፉ አይደለም። ክብደቱ ተስተካከለ። አልጋው ግን እንዳጠረ ነው። ኤልደን ባዶው ወለል ላይ በጠመኔ እያሰመረ፣ እያጠፋ፣ እንደገና እያሰመረ ግማሽ ቀን ተንበረከከ። ከዚያ በፈረሶቹና በእኛ መካከል ያለውን ግድግዳ መታ መታ አደረገ።

«ይህ ወደ ኋላ መሄድ አለበት» አለኝ። «ሁለቱን አብረሽ አታገኚም ኔልዳ። ወይ አልጋው፣ ወይ ሦስተኛው ጋጥ።»

አሁን የምነግርሽን በዝግታ አንብቢው። ደግሞም አትቆጪኝ፤ ብትቆጪም ያለፈ ነገር ነው።

ታከርን ሸጥኩት።

አዎ፣ ታከርን። አምስት ዓመት ሙሉ ከእጄ ያልለየሁት፣ ባለፈው መስከረም በርሜሉን ሲዞር አይተሽ አፍሽን ከፍተሽ የቀረሽለት፣ «ይህ ፈረስ የዓመቱ ፍጻሜ ውድድር ላይ ያደርስሻል፤ ብቻ ቀድመሽ እንዳትሞቺ» ያልሽኝ። እንደ እሱ ያለ ፈረስ ኖሮኝ አያውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬ ሌላም አይመጣም። አውቀዋለሁ። ከብሮክን ቦው ከተማ አንድ ሰው ለልጁ ገዛው። ልጅቱ ስትጋልበው አየኋት፤ እጇ ለስላሳ ነው፣ አፉን አትጎትተውም። ሃያ ሺህ ዶላር ሰጡኝ፤ ለሁሉም ነገር በቂ ነበር። ሲጭኑት ዞር ብሎ ወደ ዲያቆን ጮኸ። እኔ ከጎተራው ጀርባ ሄጄ መኪናው እስኪርቅ ቆምኩ። አለቀስኩ፤ ምን እደብቅሻለሁ።

ለምን እንዳደረግኩት ትጠይቂኛለሽ። ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ ፈረስ ይቅደም ነው ሕጉ። እኔም ሕጉን ሳከብር ኖሬአለሁ። ግን ባለፈው ጥቅምት፣ አንቺ ዳሌሽን ልትሠሪ ከሄድሽ በኋላ፣ ታከርን ይዤ ብቻዬን ኖርዝ ፕላት ለውድድር ሄጄ ነበር። አሸነፍኩ። ይህንን አልነገርኩሽም። አንደኛ ወጥቼ፣ ፈረሴን አጠጥቼ፣ ተሳቢው ውስጥ ገብቼ ቁጭ ስል የምነግረው ሰው አጣሁ። «ያ ሁለተኛው በርሜል ላይ ምን ሆንሽ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?» የሚለኝ አጣሁ። ቁራሽ ዳቦ በልቼ ያንኑ ዕለት ወደ ቤት ነዳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የጎመዘዘኝ ድል የለም። ፈጣን ፈረስ ኖሮኝ ብቻዬን ከምዞር፣ ዘገምተኛ ሽማግሌ ፈረስ ኖሮኝ ከአንቺ ጋር ብሸነፍ እመርጣለሁ። ይኸው ነው ምክንያቴ፤ ሌላ የለኝም።

በያጁ ግድግዳውን ወደ ኋላ ገፋው። አሁን ጋጡ ሁለት ነው፤ አንዱ የቢስኩት፣ አንዱ የዲያቆን። ቢስኩት ደህና ናት፤ ወፍራለች፣ ልክ እንደ አንቺ ጧት ጧት ነገር ይከብዳታል። አልጋሽ አለቀ። ረጅም ነው፣ አንቺን ከነቦቲሽ ይችላል። ጫፉ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ መያዣውን ይዘሽ ብድግ ማለት ነው። ሻወሩ ውስጥም መያዣ አለ፤ ወለሉም ከእንግዲህ አይከዳሽም። ራስጌሽ ላይ ኤልደን ትንሽ መስኮት ቆርጦልሻል፤ እሷን ማንም አላዘዘውም፣ ከራሱ አምጥቶ ነው። ብትከፍቻት ቢስኩት ከወዲያ አፍንጫዋን ታስገባለች። አስሞክሬአታለሁ፤ ትራስሽን ልትበላው ነበር።

ያ ጠረጴዛው እየታጠፈ የሚሠራው የእኔ አልጋ ስለተነሳ፣ የላዩ የእኔ ሆነ። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ወጥቼበት አላውቅም ነበር፤ በካርታ ከተበላሁ በኋላ በእልህ ነው። ባለፈው ሐሙስ ከምሳ በኋላ ልሞክረው መሰላሉን ወጣሁና ተጋደምኩ። ኤልደን ከታች ተንበርክኮ የአልጋሽን መያዣ በብሎን እያሰረ ነበር። እኔ ከላይ መኖሬን ረስቶታል መሰለኝ ለራሱ ያወራል። በሹክሹክታ ነው፤ ከንፈሩ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው ብል ይቀላል።

«ምስኪን» ይላል፤ «ለዚያች ረጅም ሴትዮ ብላ ፈረሷን ሸጠች። ባትመጣስ?»

እያንዳንዷ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገባች። የዚያ ጣሪያ አሠራር ነው መሰለኝ፣ ከታች ትንፋሽ እንኳ ቢወጣ ወደ ላይ ተሰብስቦ ይመጣል። ብሎኑ ሲዞር፣ ኤልደን ምራቁን ሲውጥ ይሰማኛል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ፣ ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ላይ የምትተኚው አንቺ እንደነበርሽ አሰብኩ።

ዳሬል የሞተ ዓመት ትዝ አለኝ። ከቀብሩ በኋላ አልሄድም ስልሽ ኮርቻዬን አንቺው ጭነሽ፣ እኔንም እንደ ኮርቻው ጭነሽ የወሰድሽኝ ዓመት። ቀን ቀን ደህና ነበርኩ፤ ማንም ሰው ፊት አላለቀስኩም፣ አንቺ ፊትም። ጠንካራ ናት እንዲሉኝ እፈልግ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ማታ ማታ ጠረጴዛዬን አጥፌ ተኝቼ አንቺ እንቅልፍ እስኪወስድሽ እጠብቅ ነበር። ማንኮራፋት ስትጀምሪ ነው ትራሱን ነክሼ የማለቅሰው። የዚያን ዓመት ሁሉ እንደዚያ ነው ያለፍኩት። ለማንኮራፋት አትዘገዪብኝም ነበር፤ ገና መብራት ስናጠፋ ትጀምሪያለሽ፣ እኔ እስክጨርስም አታቆሚም። ጠዋት ሽቅብ ሳላይሽ ዳሬል ያወረሰኝን ፈረስ አንቺ አጠጥተሽ፣ አብልተሽ፣ ቡናዬን መኪናው አናት ላይ አኑረሽልኝ አገኛለሁ።

እዚያ ተጋድሜ፣ ላቮን፣ አሰብኩት። ከዚያ ዓመት በፊት አንኮራፍተሽ አታውቂም። ከዚያ በኋላም አንኮራፍተሽ አታውቂም።

ሁሉንም ሰምተሽ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አፍሽን መዝጋት አቅቶሽ የኖርሽ ሴትዮ ይህንን አንዴ እንኳ አላነሳሽብኝም። በሰዓቱ ላመሰግንሽ ይገባኝ ነበር፤ አላወቅኩም። አሁን አመሰግንሻለሁ። እወድሻለሁም። ይህንን በአፌ ብልሽ ታመመች ትያለሽ፤ ስለዚህ በወረቀት ያዢው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ግንቦት ሲብት ወቅቱ ይከፈታል። የመጀመሪያው ቅዳሜ በርዌል ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ዴንቨር ሕንፃሽ ሥር ከነተሳቢው እቆማለሁ። የመኪና ማቆሚያው ጠባብ ነው ብላኛለች ክሪስታ፤ ይጥበብ። ሩጪ አላልኩሽም። ሐኪሙ በእርምጃ መጋለብ ትችላለች ብሏል፤ ጠዋት ጠዋት ቢስኩትን በእርምጃ ትወስጃታለሽ፣ ከሰዓት በኋላ አጥሩ ላይ ተደግፈሽ እኔን ትሰድቢያለሽ። በዲያቆን ጋልቤ መጨረሻ ነው የምወጣው፤ ስድብ አታጪም።

አልመጣም ካልሽም ወርደሽ ፊት ለፊት ንገሪኝ። የግማሽሽን ቼክ ጽፌ ይዤ ነው የምመጣው፤ ያንቺ ነውና ሳላጉረመርም እሰጥሻለሁ። ታከርን መልሽልኝ አልልም። ግን በስልክ አይሆንም፤ በደብዳቤም አይሆንም። እዚያው ቆመሽ፣ አልጋሽን አይተሽ፣ ከዚያ አልፈልግም በዪኝ።

ፈረስ መጋለብ የለመደ ሰው በእርምጃ ሂድ ሲባል እንዴት እንደሚመረው አውቃለሁ፣ ላቮን። ሌሎቹ ሲሮጡ አጥር ላይ መደገፍ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ማታ ማታ ይከፋሽ ይሆናል። አንቺም እንደ እኔ ሰው ፊት አታለቅሺም።

ግድ የለሽም፤ መብራቱን አጥፊና የልብሽን አድርሺ። እኔ ከላይ ሆኜ አንኮራፋለሁ።

ያንቺው፣
ኔልዳ